ከመስኮቱ ሥር ሰባት ቤት ሲቆጠር

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... ላገባት ሽማግሌ የላክሁባት የእነ አስካለ ደጅ ላይ፣ በተዋስኩት ባጃጅ ውስጥ ተጎልቼ፣ ትዳሬ ሊፈርስ ሲል በመስኮት ሰማሁ።

ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ አውቃለሁ። ግን ሹፌሩ ቀረብኝ። የላሊበላን ዳገት ደግሞ ሦስት አዛውንት በእግራችሁ ውጡት አይባሉም። ራሴው ነዳሁ።

ነገሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ የአስካለ አክስት የእትዬ ደብሬ ድምፅ ተሰማ።

«ይሄ ጋብቻ አይሆንም! ዘመድ ናቸው!»

«በምን አወቅሽ?» አሉ መሪጌታ ፈንታ። የአስካለ አባት አጎት ናቸው፤ በዚያ ቤት ዘር የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው።

«የሁለቱም አያቶች ኩልመስክ አገር ላይ አንድ ርስት ተካፍለው ነው ያረሱት። ዘመድ ባይሆኑ ማን ያካፍላቸው ነበር? የጋራ አያት የግድ አለ!»

እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ አይጋባም። የሴትዮዋ ክርክር ደግሞ መውጫ የለውም... የሒሳብ መምህር ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ማስረጃ በደስታ ነው የማስተምረው። «የለም» ብለህ ትነሳለህ፣ ነገሩ ይፋረስብሃል፣ እንግዲያው «አለ» ትላለህ።

መሪጌታ ግን ረጋ ብለው፣

«ደብሬ፣ የለም ማለት አይቻልም ነው እኮ ያልሽኝ። አለ ካልሽ ስሙን ጥሪልኝ።»

ክው አልኩ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን የሚያርሙት መምህሬ ዓመቱን ሙሉ «የታል? አሳየኝ» እያሉ በቀይ ሲጽፉብኝ ነው የከረሙት። የሚያሠሩኝ ሎጂክ «ባይኖር ኖሮ» ብትለው አይሰማህም፤ አለ ያልከውን ነገር አውጥተህ ካላሳየኸው ማስረጃ አይልህም። ስንቴ ረግሜዋለሁ! ያን ሰዓት ግን ወደድኩት።

እትዬ ደብሬ ስም አጡ። ተረፍኩ ብዬ ሳልጨርስ...

«እንግዲያው እንፈልገው» አሉ መሪጌታ።

እሳቸው በአስካለ በኩል፣ ከሽማግሌዎቼ አንዱ በኔ በኩል፣ ከአባት ወደ አያት ሽቅብ እየጠሩ ሄዱ። በመጨረሻ ሁለቱም እኩል «ወልደ ሩፋኤል!» አሉ።

«አላልኳችሁም?» አሉ እትዬ ደብሬ። ግንባሬን የባጃጁ መሪ ላይ ደፋሁት። አለቀ በቃ።

«ቆይ እስቲ» አሉ መሪጌታ። «ስንተኛ ቤት ላይ ነው?»

የሒሳብ መምህሩ ከድንጋጤ ብዛት መቁጠሩን ረስቼዋለሁ። እሳቸው ግን በጣታቸው ይዘውት ኖሯል።

«ስምንተኛ። ሰባቱ አልፏል፤ ይጋቡ።»

እልልታው ሲቀልጥ ሳላውቀው ጥሩምባውን ተጫንኩት። መሪጌታ በመስኮት ብቅ ብለው አዩኝና፣ «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። አፍሬ ሳቅኩ፣ ደግሞም አለቀስኩ... የአያቱን መኖር ያረጋገጡት እትዬ ደብሬ ናቸው፤ መሪጌታ ስሙን ባያስጠሩ ግን ስንተኛ ቤት እንደሆነ ማን ያውቅልኝ ነበር?

ነፍስዎን ይማርልኝ፣ አባባ ወልደ ሩፋኤል... አንድ ትውልድ ዘግይተው ቢወለዱ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር።