የሰው ያለህ በጉም ውስጥ

መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ የጻፈው ሐሙስ ከሰዓት ነው። «የልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻችሁን በቡድን ስትሠሩ ምን ተማራችሁ? ሁለት ገጽ፤ ሰኞ ይቅረብ።» የክፍሉ ተማሪ ግማሹ እዚያው ቁጭ ብሎ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ጀመረ። መምህሩ ይህን ተረት በየዓመቱ ከማረሙ ብዛት አንበሳው ሳያሳዝነው አልቀረም። ፀደንያ ግን ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። የምትጽፈው ጠፍቷት አይደለም። ከየት እንደምትጀምር ነው የቸገራት፤ ነገሩ የጀመረው ከፊልሙ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ ሰኞ ቀን ነውና።

ፀደንያን ደብረ ብርሃን ላይ የሚያውቃት ሰው የሚያውቃት ዝግ ባለ ድምፅዋ ነው። ጠዋት ጠዋት ፎቶ ቤት ትሠራለች። ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የመጣችውን ሴትዮ «ቀና ይበሉ» ስትላት፣ ሴትዮዋ «እ?» ትላለች። ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቁ «እ?» ይላል። በቀን ስንት «እ?» እንደምትሰማ ብትቆጥረው ኖሮ ይገርማት ነበር፤ ግን ለምዳዋለች። ከሰዓት ደግሞ ኮሌጅ ገብታ የቪዲዮና የድምፅ ሥራ ትማራለች። ከሁሉም የመረጠችው ድምፅ መቅዳቱን ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሰውን ድምፅ ስትሰበስብ ትውላለች፤ የራሷን የሚጠይቃት የለም።

እናቷ ከለሚ መጥታ ፋብሪካ የተቀጠረች፣ ዘመድ የሌላት ሴት ነበረች። የተከራዩበት ግቢ ስምንት በር ነበረው። በዚያ ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እናትየዋ ከአዳር ሥራ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደቀች። የአሥራ አምስት ዓመቷ ፀደንያ ወደ ግቢው ወጥታ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» አለች። ከስምንቱ በሮች፣ ከእነርሱው በቀር፣ በሰባቱ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። የመጣ የለም። ተመልሳ ስትገባ እናቷ አርፋለች።

ማታ ሁሉም መጡ። ድንኳን ተከሉ፣ ንፍሮ ቀቀሉ፣ አርባው እስኪወጣ ብቻዋን አላሳደሯትም። ያን ጊዜ ማንም ሳይደርስላት የቀረው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰኞ ስለነበር፣ ሁሉም ሥራ ላይ ስለዋለ ነው። ፀደንያ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ጉሮሮ ግን ሌላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዋ ከፍ ብሎ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ፊልሙ። ቡድኑ አራት ሰው ነው። አዘጋጁ ፍሥሐ የዩኒቨርሲቲ መምህር ልጅ ነው፤ አፉ ከእጁ የሚፈጥን፣ ልቡ ግን የማይከፋ። ካሜራ የሚይዘው ማኅደረማርያም የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ነው። ተዋናይዋ ሊያ፣ ድምፅ ቀጂዋ ፀደንያ። የሁለት ደቂቃዋ መክፈቻ ቀላል ነች። አንዲት ልጅ በጉም ውስጥ ትሮጣለች፤ ፊቱ የማይታይ ባለ ኮፍያ ሰው ይከተላታል፤ ዘወር ብላ ታየውና ትጮኻለች፤ ምስሉ ይጠቁራል። በቃ። ጉም ካስፈለገ ደግሞ ከአንኮበር የበለጠ ባለጸጋ የለም። ስለዚህ በታኅሣሥ አንድ ዓርብ ወደ ማኅደረማርያም የትውልድ አገር ወጡ።

ማኅደረማርያም ያላደረገው ጥንቃቄ የለም ሊባል ይችላል። ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፏል፣ ማኅተም አስመትቷል፣ ለሚሊሻው ነግሯል። ግን አምስት ዓመት ከተማ የኖረ ሰው አንድ ነገር ይረሳል። በደብዳቤ የሚያምነው ቢሮ ነው። ገበሬ የሚያምነው ጆሮውን ነው።

ጠዋት ሲነሱ የሊያ ጉሮሮ በብርዱ ተዘግቶ አንድ ቃል አልወጣት አለ። ፍሥሐ ራሱን ያዘ። ሊያ ለፊልሙ የምትለብሰው ቀይ ሹራብ የሚሆናት፣ በቁመትም የምትመስላት ፀደንያ ብቻ ነበረች። ሊያ በምልክት እየተናገረች ማይኩን ተቀበለቻት። ባለ ኮፍያው ሰው ራሱ ፍሥሐ ነው።

ከመጀመራቸው በፊት ፀደንያ ማዳመጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ጆሮዋ ላይ ስታደርግ፣ ከጉሙ በታች የሆነ የዘፈን ድምፅ ሰማች፤ ብዙ ወንዶች እየተቀባበሉ የሚያዜሙት። «ፍሥሐ፣ ታች ሰዎች ያሉ ይመስለኛል» አለችው።

«እ?» አለ ፍሥሐ፣ ኮፍያውን እያጠለቀ። መልሱን ሳይጠብቅ ሄደ።

የመጀመሪያው ጩኸት እንደ ድመት ማስነጠስ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውም ከዚያ አልተሻለም። አምስተኛው ላይ ፍሥሐ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኧረ ፀዲ፣ በእናትሽ! ገዳይ እኮ ነው የሚከተልሽ! ቻርጀር የጠፋብሽ አስመሰልሽው!»

«በእናትሽ» ያለው ከልማድ ነው። እሷ ግን ቆመች። ጉሙ ዙሪያዋን እንደ ግድግዳ ከቧል፣ አንድም በር አይታይም። ያን ግቢ መሰላት። ሮጠች፣ ዘወር አለች፣ ፍሥሐን አየችው፤ ወይም ፍሥሐን አላየችውም። በጽሑፉ ላይ ያለው ቃል የሌለው ጩኸት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ኡኡ! የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

ፍሥሐ ደስ ብሎት አውራ ጣቱን አነሳ። ማኅደረማርያም ግን ካሜራውን እንደያዘ ፊቱ አመድ መሰለ። እርሱ የዚያ አገር ልጅ ነዋ። የታቹ ዘፈን ቀጥ ማለቱን የሰማው እርሱ ነው። ፀደንያን «በቃ» ሊላት ሞከረ፤ እሷ ግን ማቆም አልቻለችም፤ የስምንት ዓመት ጩኸት ነው፣ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ከዚያ ጉሙ መለሰላት።

«አይዞሽ!» አለ ከታች። «መጣን!» አለ ከግራ። «ወዴት ነሽ? ድምፅሽን አሰሚ!» አለ ከጀርባዋ። ሰው አይታይም፤ የእግር ኮቴና የሚንከባለል ድንጋይ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ ከጉሙ ውስጥ ሰው ይፈላ ጀመር። ማጭድ የያዘ፣ ዱላ የያዘ፣ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ። ለካ ከጉሙ ሥር፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ፣ ሃያ ምናምን ሰው የገብስ አጨዳ ደቦ ላይ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ባለ ኮፍያውን ሲያዩ አልጠየቁም፤ ፍሥሐን ከመሬት አነሱት። «ፊልም ነው! እናቴ ትሙት ፊልም ነው!» ቢል ማን ሊሰማው።

ከሴቶቹ ቀድማ የደረሰችው እማማ አልታየች የምትባል ሴትዮ ነች። ለአጫጆቹ ጠላ ስታድል የነበረችበትን ጣሳ እንኳ አልጣለችም። ፀደንያን በአንድ እጇ ጎትታ ጉያዋ ውስጥ አስገባቻትና በጋቢዋ ጠቀለለቻት። «የት ላይ ነው የመታሽ ልጄ? ደም አለ? ንገሪኝ፣ እኔ አለሁ፣ አይዞሽ።» ራሷን፣ ክንዷን፣ ጎኗን ዳበሰቻት። ፀደንያ ታለቅሳለች።

ካሜራው ሲታይ ነገሩ ተገለጠ፤ ሲገለጥ ደግሞ ባሰ። ማኅደረማርያም ደብዳቤውን አወጣ። አቶ ወልደአረጋይ ከሁሉም በኋላ የደረሱት ያኔ ነው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሮጡ ካቡ ላይ ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው ተጠምዝዞ፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ደብዳቤውን ተቀብለው ማኅተሙን አዩት።

«የመሪጌታ ልጅ አይደለህም አንተ?»

«ነኝ አባባ።»

«እዚህ ላይ፣ ልጅቷ ኡኡ ትላለች፣ እናንተ አትምጡ ይላል?»

«አይልም አባባ።»

«እንግዲያው ምን ያደርግልኛል?» ብለው መለሱለት።

አንዱ ጎረምሳ ካሜራውን ሊሰብረው እጁን ሰነዘረ፤ አቶ ወልደአረጋይ ከለከሉት። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ዘርግተው ተናገሩ። «ስሙ ልጆች። እዚህ ሐኪም ሩቅ ነው፣ ፖሊስ ሩቅ ነው። ያለን ጩኸት ብቻ ነው። በውሸት ኡኡ ያለ ሰው፣ ነገ የልጄ ሚስት ምጥ ይዟት ስትጮህ ሰው እንዳይመጣላት ነው ያደረገው። ቁርጭምጭሚቴ አይደለም ያናደደኝ።» ቀጥሎ ወደ ፀደንያ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ውሸት ነበር?»

ፍሥሐ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ፀደንያ ቀደመችው።

«መጀመሪያ ውሸት ነበር አባባ። ኋላ ግን አልነበረም።» ከዚያም ስለዚያ ሰኞ ነገረቻቸው። ስለ ቁልፎቹ፣ ስለ እናቷ። አብረዋት ዓመት የተማሩት ሦስቱ ጓደኞቿ እንኳ የሰሙት ያን ዕለት ነው። ሊያ ማይኩን እንደያዘች ድምፅ በሌለው ጉሮሮዋ አለቀሰች። ፍሥሐ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል።

አቶ ወልደአረጋይ እግራቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያው» አሉ፣ «ሰው የጠራሽው ለእናትሽ ነው። ዘግይተናል፤ ግን ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። ደርሰናል።» በሰው ትከሻ ተደግፈው ተነሡና ባርኔጣቸውን አውልቀው በፊቷ ቆሙ። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ።»

ከኋላቸው ግማሽ ፊቱ በሳሙና የተሸፈነው ሰውዬ መጣ። «እግዜር ያጥናሽ።» ፍሥሐን አንስተው የነበሩት ጎረምሶች መጡ። «እግዜር ያጥናሽ።» ማጭዱን በብብቱ ሸጉጦ፣ አንድ በአንድ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ ሃያ ምናምኑም ሰው በፊቷ አለፈ። እማማ አልታየች እስከ መጨረሻው ከጉያዋ አላወጣቻትም።

ፍርዱ ግን አልቀረም፤ አንኮበር ነው እንጂ ገነት አይደለም። ልጆቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ የአቶ ወልደአረጋይን ገብስ አብረው እንዲያጭዱ ተፈረደባቸው። ሄዱ። ሊያና ፀደንያ ነዶ ተሸከሙ። ፍሥሐ አጨደ ሊባል አይችልም፤ መዳፉ ግን በደንብ ተላጠ። «ይሄ ልጅ ገብሱን ትቶ ነፋሱን ነው የሚያጭደው» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሳቁበት። ጎረምሶቹ ሲያዜሙ ተቀባይ ሆኖ አብሮ ጮኸ። ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ «ፀዲ፣ ያን ጊዜ ታች ሰዎች አሉ ብለሽኝ ነበር አይደል? ስላልሰማሁሽ ይቅርታ» አላት። ፍሥሐ ይቅርታ ሲል የሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ምስሉን ሲያቀናብሩ አዲስ ጭቅጭቅ መጣ። ሊያ ማይኩን ሳትዘጋ ስለቆየች፣ ከጩኸቱ በኋላ «አይዞሽ፣ መጣን» የሚለው ሁሉ ተቀድቷል። እንደ ዕቅዱ ቢሆን ከጩኸቱ በኋላ ምስሉ ጠቁሮ ጸጥ ማለት አለበት። ለመቁረጥ እጁን የሰነዘረ ግን ጠፋ። ምስሉ ከጠቆረ በኋላ በጨለማው ውስጥ የሚቀርበው የሰው ድምፅ ብቻ እንዲቀር ተስማሙ። መምህሩ አይቶ «ልብ አንጠልጣይ ፊልም ላይ በሁለተኛው ደቂቃ እርዳታ ከደረሰ፣ ተመልካቹ ለምን ይቀመጣል?» አለና ነጥብ ቀነሰባቸው። ልክ ነው። አራቱም ልክ መሆኑን ያውቃሉ። አንዳቸውም አልቆጫቸውም።

ሐሙስ ጥያቄው በተሰጠ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀደንያ ባዶውን ወረቀትና የፍሥሐን ላፕቶፕ ይዛ ብቻዋን ወደ አንኮበር ተሳፈረች። ለማመስገን እንደምትሄድ ነው ለራሷ የነገረችው፤ እንዴት እንደምታመሰግን ግን አላወቀችም። የአቶ ወልደአረጋይ እግር ድኗል። እማማ አልታየች፣ ያ ሳሙናማው ሰውዬ፣ ጎረምሶቹ፣ ሌላም ሰው በደጃቸው ተሰበሰበ። ላፕቶፑን እህል መስፈሪያ ቁና ላይ አስቀምጣ አሳየቻቸው። ልጅቷ ስትሮጥ አንገታቸውን አሰገጉ። ስትጮህ እማማ አልታየች «ውይ ልጄን» ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ ምስሉ ጠቆረ፤ «አይዞሽ! መጣን! ወዴት ነሽ?» እያለ ድምፃቸው ከማሽኑ ወጣ። «ይቺ የኔ ነች!» «ያ የኔ ነው፣ ዝም በሉ!» ተባባሉ። ከዚያ አለቀ።

አቶ ወልደአረጋይ ትንሽ ጠበቁ። «የቀረውስ?» አሉ።

«የቀረው የለም አባባ። መክፈቻው ብቻ ነው የተሠራው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ገና አልተጻፈም።»

«እንዴት አልተጻፈም?» አሉ ሽማግሌው፣ እንደ መቆጣት ብለው። «ምን ቀረው? ደረስንላት እኮ!»

ፀደንያ ሁሉንም ዞር ብላ አየቻቸው።

«አዎ» አለች፤ «ደረሳችሁልኝ።»

ደጁ ላይ ከነበረው ሰው አንድም «እ?» ያላት የለም።