እናቴ በእኔ የማለችው መሐላ

የልብስ ሳሙና ሲሸተኝ ዛሬም፣ ይኸውልህ፣ ወዲያው ቡሬ ነኝ፤ የጣሊያን ምሽግ ውስጥ፣ ከእናቴ ጎን።

አባቴ በግሽ ዓባይ በኩል ሸፍቶ ስሙ ገንኖ ነበር። ጣሊያኖች የአርበኛ ሚስት ትገኝበታለች ብለው የሰፈራችንን ሴቶች ከነልጆቻቸው ለቅመው ምሽጉ ውስጥ ዘጉብን። በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው፤ ግቢው የበቅሎ ሽንት ይሸታል።

የመረመረን ሹም ባገሩ የላቲን አስተማሪ ነበር አሉ። ክፋቱን በጨዋታ ያዋዛል። ስለ ጥንት ሮማውያን በአስተርጓሚ ያወራን ነበር፤ ወንዱ ከራሱ ስም ቀጥሎ ከጥንት አባት የወረደ የቤት ስም አለው። የቆርኔሌዎስ ቤት ሴት ልጅ ግን የቤቱ ስም በሴት አጠራር ይሰጣትና ቆርኔልያ ትባላለች፣ በቃ። እህቷም ቆርኔልያ ናት፤ ታላቂቱና ታናሺቱ እየተባሉ ይለያሉ። እናቴ የቄስ ልጅ ናትና ቆርኔሌዎስን ከሐዋርያት ሥራ ታውቀዋለች።

«ምነው ለሴቷ ስም ነፈጓት?» ስትል አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ።

ሹሙ አልሳቀም። «እነሱ ዘንድ አንድ ስም ቤቱን ሁሉ ያስይዛል። እናንተ በየአባታችሁ እየተጠራችሁ ታመልጣላችሁ። የዚች ልጅ አባት ማነው?»

እናቴ በአባቴ ፈንታ የአያቴን ስም ጠራች። «ጣሊያን ሳይገባ ሞቷል» አለች።

አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ ምን እንደሚያስር ያውቃል። «በምትወጂው ማዪ» አላት።

እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ጠበቀ።

«ልጄ ትሙት!»

አመኗት። በልጁ በሐሰት የሚምል ማን አለ? አባቴ ተረፈ፤ እኛን ግን ለልብስ አጣቢነት አስቀሩን። ሹሙ በአያቴ ስም ጫፍ ላይ «ያ» ጨምሮ ይጠራኝ ጀመር። እንዴት እጠላው ነበር! ባሳለኝ ቁጥር እናቴ ሳፋውን ትታ ግንባሬን ትዳብስና «ለእኔ ያድርገው» ትላለች።

ጣሊያን ወጣ፣ አባቴም በደህና ገባ። የንስሐ አባቷ ቀኖና ሰጥተው ቢፈቷትም ልቧ አላረፈም። ፍኖተ ሰላም ተድሬ ልጆች ከወለድኩ በኋላ እንኳ ልጅሽ ታመመች ሲሏት በእግሯ ትመጣ ነበር።

ልትሞት ስትል አጠገቧ ነበርኩ። እጄን ፈልጋ ያዘች፤ ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

«እሰይ ልጄ» አለችኝ፣ «ቀደምሁሽ።»