ጎሚስታው አልነሳም አለ

ጎማ ጠግኖ የሚያድረውን ሰውዬ ሰፈሩ ሁሉ «ጎሚስታው» ይለዋል። ድምፁ ወፍራም፣ ጠባዩ ግትር ነው። ሴት ልጁ ግማሽ ልቧ በቅጡ ሳያድግ ተወለደች። በሳምንቷ ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ደም ወደ ሳንባዋ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ተገጠመላት። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና እስኪደርስ ቤት ትቆይ፣ ግን በየቀኑ ትለካ ተባለ።

ከሆስፒታሉ አንዲት ሲስተር ሚዛንና እግር ላይ የሚታሰር የኦክስጅን መለኪያ ይዛ ቤታቸው መጣች።

«እናትየዋን ላሳያት» አለች።

«እሷ ከሰኞ ጀምሮ ፋብሪካ ገቢ ናት። እኔን አሳዪኝ።»

ሲስተሯ በግሪስ የጠቆረ እጁን አየች። እሱም አየው።

«ይታጠባል» አላት።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈተጋል። ሕፃኗን ራቁቷን ይመዝናል፣ መለኪያውን እግሯ ላይ ያስራል፣ ቁጥሩ ሲረጋ በስልክ ለሆስፒታሉ ይልካል። ኦክስጅኗ ከሰባ አምስት ከወረደ ቶሎ መደወል ነው። ሱቁን የሚከፍተው ሚስቱ ከፋብሪካ ስትመለስ፣ ከሰዓት ነው። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ፣ «ሞግዚት ሆነህ ቀረህ አይደል?» ሲለው፣ «ሆንኩ፤ ቀናህ እንዴ?» ብሎ ጎማውን ይገለብጣል።

ሚስቱ ፋብሪካ በማትገባበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁጥሩ ሰባ አንድ አለ። ትናንት ሰማንያ ነበር። ደወለ።

«እግሯ ቀዝቅዞ ይሆናል፤ አሙቀው ይድገሙት» አለ ተረኛው ሐኪም።

አሙቆ ደገመ። ያው ነው። በሌላኛው እግሯ ሞከረ፤ ሰባ።

«ትጠባለች?»

«ትጠባለች።»

«እንግዲያው መሣሪያው ነው የተበላሸው። ሰኞ ይዘዋት ይምጡ፤ እንቀይርልዎታለን።»

ጎሚስታው ስልኩን ዘጋና መለኪያውን በገዛ ትንሽ ጣቱ ላይ አሰረ፤ ዘጠና ሰባት። በሚስቱ ጣት ላይ አሰረ፤ ዘጠና ስምንት። ሃያ ዓመት ሙሉ የጎማ አየር ሲለካ የኖረ ሰው ነው፤ መለኪያ ሲዋሽ ያውቃል። ይሄኛው አልዋሸም።

«ሐኪሙ ሰኞ ካለ...» አለች ሚስቱ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

«በልጄ ነፍስ ሰኞ ማክሰኞ አልጫወትም። ልብሷን አምጪ!»

ሆስፒታል ሲደርሱ ተረኛው ሐኪም በድምፁ አወቀው።

«ሰኞ ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለውኛል። አሁን በራስዎ መሣሪያ ይለኩልኝና ተሳስተሃል ይበሉኝ። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

«ወረፋ አለ እኮ! ጥበቃ ልጥራ?»

«ይጥሩ። ከነወንበሩ ተሸክመው ያውጡኝ።»

አንዲት ነርስ ማንንም ሳትጠይቅ መለኪያ ይዛ መጣችና ሕፃኗ እግር ላይ አሰረች። ጠበቀች። «ዶክተር» አለች ቀስ ብላ፣ «ስልሳ ዘጠኝ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሮጠ። ልቧ በአልትራሳውንድ ሲታይ ቱቦው ውስጥ ደም መርጋት ጀምሮ፣ መተላለፊያውን ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። ዕለቱን ቱቦውን ከፈቱላት። ጎሚስታው እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ሲመሽ ሐኪሙ መጣ። «ልጅዎ ደህና ናት። እኔ... ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታውስ ይሁን። ነገ ሌላ አባት ሲደውል ምን ይሉታል?»

«አምጣት እለዋለሁ።»

«እሱን ጽፈው ስልኩ አጠገብ ይለጥፉልኝ። እርስዎ ተረኛ የማይሆኑበት ቀንም አለ።»

ሐኪሙ ጻፈ። ጎሚስታው እስኪለጠፍ ቆሞ አየ።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና በአምስት ወሯ በደህና አለፈ። ዛሬ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛው ይቀራታል፣ ሐኪሞችም ስለሱ ቃል አልገቡም። በቀደም አንድ ደንበኛ ጎማው እስኪጠገን ከንፈሩን መጠጠና፣ «ለመሆኑ ስንት ዓመት ትኖራለች አሉህ?» ብሎ ጠየቀው።

ጎሚስታው ቀና ብሎ አየው። «አንተንስ ስንት አሉህ?»