ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ የተሻገረ ዜማ

በሐምሌ መጨረሻ፣ ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ያለ ሙዚቃ ቤት ኮምፒውተር ፍላሼን አላነብም አለ። ያዘጋጀሁት በሊኑክስ በሚሠራው ላፕቶፔ ነው፤ የቤቱ ማሽን የሚያውቀው ዊንዶውስን ብቻ። ባዶ መስሎት «ፎርማት ላድርገው?» ሲል ጠየቀ። ባለቤቱ እሺ ሊለው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ከገጠር የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነው። ሳላጸዳ አልነካም።»

«የመሪጌታው ድምፅ ነው ያለበት።»

እጁን ሰበሰበ።

መሪጌታው የአቋቋም መምህር ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ለሕክምና ባሕር ዳር ሄደዋል፤ ሐኪም እንዳያዜሙ ከልክሏቸዋል። ተማሪዎቻቸው ደግሞ ለቡሄ ማኅሌት የሚቆሙበትን አንድ ዜማ ተምረው አልጨረሱም። መሪጌታው ሲሄዱ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት እንዲወጣ። እኔ ዜማውን ለሬዲዮ ዝግጅት ቀድቼው ስለነበር ተማሪዎቹ ወደ እኔ መጡ። በከፍተኛ ጥራት ነበር የቀዳሁት። ጥራቱ ከፍ ከማለቱ የተነሳ የማንም ተማሪ ስልክ ሊከፍተው አልቻለም። ወደ ኤምፒ ስሪ መቀየር ነበረበት፤ መቀየሪያው ያለው እዚህ ቤት ነው።

ፍላሹን ሁለቱም ማሽኖች በሚያነቡት መንገድ አዘጋጅቼ ዜማውን ከላፕቶፔ እንደገና ገለበጥኩበት። ባለቤቱ ቀየረው። ስናዳምጠው ዜማው መሃል ላይ ተቋረጠና የባለቤቱ ድምፅ በኦርጋን ታጅቦ የቤቱን አድራሻና ስልክ ቁጥር ተናገረ። ከዚያ መሪጌታው ቀጠሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማስታወቂያ ነዋ! ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚያስገባው። አለዚያ ገሳይ ከተማ ያሉት ሙዚቃ ቤቶች ገልብጠው ይሸጡብኛል።»

«አቋቋም ማን ይሰርቅሃል?»

«ጋሼ፣ ሰው አይታመንም።»

ቢሆንም አማተበና የራሱን ድምፅ አጠፋው። የቀረውን ክፍተት ሊቆርጠው ሲል መብራት ሄደ። እስከዚያ የተሠራው ፍላሹ ላይ ስለነበር ይዤው ወጣሁ።

ለተማሪዎቹ ስሰጣቸው «መሃል ላይ ዝም የሚልባትን ዝለሏት፤ የሙዚቃ ቤት ማስታወቂያ ነበረች» አልኳቸው።

ታላቃቸው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «እኛ ማስታወቂያ አልሰማንም። የኔታ እዚህ ዝም ካሉ ምክንያት አላቸው።»

እንደ ዘጋቢ ማስረጃ ፈለግኩ። ፋይሉ ላይ አሁን ማስታወቂያ አልነበረም።

በቡሄ ዋዜማ መሪጌታው አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ደረሱና ከቅኔ ማኅሌቱ ጥግ፣ እኔ አጠገብ ተቀመጡ። ተማሪዎቹ እዚያ ቦታ ሲደርሱ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ። ጸናጽል ዝም፣ ከበሮ ዝም። ማስታወቂያው የሚፈጀውን ያህል ጠብቀው፣ አንድም ሳይሳሳት፣ ቀጠሉ።

ማኅሌቱ ሲያበቃ መሪጌታው ጠሯቸው። ድምፃቸው ገና ሹክሹክታ ነበር።

«ይህችን ማረፊያ ከማን ተቀበላችኋት?»

«ከየኔታ።»

ወደ እኔ ዞሩ። የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው።

«ስልክ ቁጥሩንም ተናግሯል?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ደፋር ነው» አሉና አንገታቸውን ዳበስ አደረጉ። ተማሪዎቹን ግን አላረሟቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሙ ስለፈቀደላቸው ዜማውን ራሳቸው መሩ። እዚያ ቦታ ሲደርሱ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ።