ሮቦቱ የሚቆምበት ጫማ

የልጅ ልጄ ምሥጋና ሴቻ በሚባለው ሰፈራችን ባለ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር አስተማሪ ነበረች። እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ያኔ ገና አራተኛ ክፍል ነበረች፣ የእኔ ፀጉር ግን ሸብቷል። ስሳሳት አትስቅብኝም። "እስኪ ደግመሽ እዪው፣ እማማ" ብላ ትጠብቀኛለች።

በ2010 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ትንሽ ሮቦት በእርዳታ መጣ፤ ካርቶን ውስጥ ተበታትኖ ነው የመጣው። እሷ ገጣጠመችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ልጆቹን እቤታችን እየሰበሰበች ታስተምርበት ጀመር። ልጆቹ ፓይተን በሚባል ቋንቋ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ ይጽፋሉ፤ ሮቦቱ በጎማው እየተንከባለለ የተጻፈለትን ያደርጋል። ትልቁ ፈተና ሮቦቱ ምሥጋናን ሳይነካት እግሯ ሥር እንዲቆም ማድረግ ነበር። ቡናማ ጫማዋን አድርጋ ወለሉ መሀል ትቆማለች። ከገጫት "ወይኔ፣ ቲቸራችሁን ገደላችኋት!" ብላ ታስቃቸዋለች። ደርሶ ከቆመ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትሸሽና "ና እንግዲህ፣ ድረስብኝ!" ትለዋለች።

በዚያው ዓመት ኩላሊቷ ታመመ። እግሯ እያበጠ ያ ጫማ ሲጠብባት አይ ነበር።

"ለምን አንቺው ጽፈሽ አትሰጫቸውም? ትደክሚያለሽ እኮ" አልኳት።

"እኔ ከጻፍኩላቸው፣ እኔ ስሄድ ሁሉም ይቀራል፣ እማማ። አንድ ልጅ እንኳ ያለኔ ሲጽፍ ልይ።"

ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም።

ከልጆቹ ጎበዟ አርሴማ ነበረች። ግን ሮቦቱ በገጨ ቁጥር ኮምፒውተሩን ወደ ምሥጋና ትገፋዋለች። "ቲቸር፣ አንቺ አስተካክዪው።" ምሥጋናም እጇን አጣጥፋ "እስኪ ደግመሽ እዪው" ትላታለች። አርሴማ ታኮርፋለች። እንዲህ እንዳሉ ክረምቱ ገባ፤ ምሥጋናም ነሐሴ ላይ አረፈች።

በእኛ ዘንድ የሟች ልብስና የሥራ ዕቃ ለቅሶው ላይ ይወጣል። ሸማኔው ባሌ ሲሞት የሽመና መወርወሪያው ወጥቶለት ነበር። ለእሷ ፎቶዋን፣ ነጠላዋንና ቡናማ ጫማዋን ድንኳኑ ውስጥ በተነጠፈው ሸራ ላይ አኖርን። አርሴማ ሮቦቱንና ኮምፒውተሩን ታቅፋ ስትገባ የባሌ ወንድም ኦይታ ተቆጣ።

"ለቅሶ ቤት መጫወቻ ይዞ ይመጣል እንዴ? እናት የለሽም አንቺ?"

"የሥራ ዕቃዋ ነው፣ ኦይታ። ተዋት" አልኩት።

አርሴማ ሮቦቱን ከጫማው ፊት ለፊት ለቀቀችው። ሄደና ገጭቶ ጣለው። ሴቶቹ ጮኹ። ልጅቱ ኮምፒውተሩን እንደያዘች ዙሪያዋን አየች፤ የምታቀብለው ሰው አጣች።

"እስኪ ደግመሽ እዪው፣ ልጄ" አልኳት።

እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አጎነበሰች። የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ የርቀቱን ቁጥር ለወጠች። ጫማውን እኔ አቃናሁት። ሮቦቱ ተንከባለለ፤ ሊነካው ሲል ቆመ።

"ቆመ!" አለ ኦይታ።

ሁላችንም ጫማውን እያየን ጠበቅን። ጫማው ወደ ኋላ አልሸሸም።