ለጣሊያን ሞተር የሰፋሁት ኮሮጆ

አባቴ ቡሬ ውስጥ የበቅሎ ኮርቻና የጭነት ኮሮጆ ሰፊ ነበሩ። ሥራቸውን የማያመሰግን አልነበረም፤ አመስግኖ የገዛው ሰው ግን «ቆዳ ሰፊ» ብሎ እቤታችን ውኃ እንኳ አይጠጣም። እኔ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ጀምሬ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ወደዚያው ቤት ተመለስሁ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አንድ ቀን የቡሬው የጣሊያን ጦር ሰፈር አስተርጓሚ አባቴን አስጠራቸው። ከቡሬ ደብረ ማርቆስ በሞተር ብስክሌት ደብዳቤ የሚያመላልሰው ጣሊያን፣ ካገሩ ያመጣው ቦርሳ በመንገዱ ተበጣጥሶበታል። «ጠንካራ ኮሮጆ ስፋ» አላቸው አስተርጓሚው፤ አንተ ብሎ፣ ልጃቸው የሚሆን ሰው።

አባቴ ሞተሩን በቆመበት ለኩት። በቅሎም የምትጫነው ቆማ ነው። የጭስ ቧንቧውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ እንደ በቅሎ ጭነት ኮሮጆውን ዝቅ አድርገው፣ ከጎኑ አጣብቀው በጠፍር አሰሩት። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አንድ ነገር አልታየኝም። ስለ ሙቀት ደብተር ሙሉ የጻፍሁ ልጅ!

ሞተረኛው ያኔ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም ሊደርስ ሲል ኮሮጆው በጋለው ቧንቧ ተቃጠለ። ደብዳቤው አመድ ሆነ። የዚያኑ ዕለት አባቴን አሰሯቸው።

«ሆን ብሎ ነው ይላሉ ካፒቴኑ» አለኝ አስተርጓሚው የጦር ሰፈሩ በር ላይ።

«ካፒቴኑ ናቸው የሚሉት ወይስ አንተ?»

«ምላስሽ ረዘመ! ተምረሻል አሉ፤ በይ ትምህርትሽ አባትሽን ያውጣው። አንቺ ስፊ። ሞተሩ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ሲመለስ ኮሮጆው ደኅና ከሆነ ይፈታል። ካልሆነ ሲገረፍ መጥተሽ ታያለሽ።»

መጀመሪያ ሞተሩን አስነሱልኝ አልሁ። እየሳቁ አስነሱት። ሲግል ቧንቧውን በእርጥብ ጨርቅ እየነካሁ፣ ጨርቁ የጮኸበትን ሁሉ በከሰል ምልክት አደረግሁ። ኮሮጆውን ከቧንቧው የሚያርቅ የዋንዛ እንጨት ክፈፍ ሠራሁ፤ በመካከሉ ቆርቆሮ መታሁ። ታቹን በድርብ የበሬ ቆዳ ሰፋሁ። ማዕዘኖቹን ሲደርቅ ጭምድድ ብሎ እንዲይዝ በእርጥብ የፍየል ቁርበት ሸፈንሁ። ዝናብ እንዳይገባ ክዳኑን እስከ ወገቡ አወረድሁት።

በዚያ ኮሮጆ የሚሄደው ወረቀት «ያንን መንደር አቃጥሉ» የሚል ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። አንዷን ስፌት ላላ ላድርጋት ብዬ ወስፌውን ያዝሁ። የአባቴ ጀርባ ታየኝ። ጅማቱን በጥርሴ ስቤ አጠበቅሁት።

ሞተሩ ሄደ። ሦስት ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ዋልሁ። ጎረቤታችን ሲያልፉ፣ «የጣሊያን ሰፊ ሆንሽ አሉ?» አሉኝ።

«እርስዎስ ጤፉን ለማን ነው የሚሸጡት?»

አጉረምርመው አለፉ።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ በጭቃ ተለውሶ መጣ። ከኮሮጆው አንድ ስፌት አልተተረተረም። ደስ አለኝ። በጣሊያን ኮሮጆ ደስ አለኝ!

አባቴ ሲፈቱ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ሞተሩ ዘንድ ሄደው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ጥሩ እጅ አለሽ።»

«አባዬ፣ እግዜርን ይፍሩ! ለማን እንደ ተሰፋ አይታይዎትም?»

ወዲያው አስተርጓሚው ደረሰ። ለሌሎቹም ሞተሮች እንድንሰፋ ታዟል አለ። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ቆዳ የለንም፤ ባላገር ወጥተን እንግዛ» አሉ። ፈቀደልን።

በማግሥቱ ወስፌና መቁረጫውን ብቻ ይዘን፣ ቤቱን እንዳለ ትተን ጣሊያን ወዳልያዘው ወደ ቋሪት ወጣን። ላለመመለስ ነበር። ዳገቱ መካከል አባቴ ቆሙና፣ «ክፈፉን ግን በምን አያያዝሽው?» አሉኝ።

የነገርኋቸው ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ስንደርስ ነው።