የተበሳችው ፔኒ

ባለፈው ሳምንት ኦሬንጅ ፋርም በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያለው ሸምሱ ዕቃ ሊሞላ ጆሃንስበርግ፣ ጄፔ ወዳለው ማከፋፈያዬ መጣና ከኪሱ አንዲት የጠቆረች ትልቅ ሳንቲም አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«አንዱ ደንበኛ ዳቦ ገዝቶ በዚህ ሸወደኝ። እስቲ ይሄ ገንዘብ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ድሮ በእንግሊዞች ጊዜ እዚህ አገር ይሠራበት የነበረ ፔኒ ነው አልኩት። የሚገዛው ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰብሳቢዎች አሉ አልኩና ወሬ ቀየርኩ። እጄን ግን ወደ ሳንቲሟ አልሰደድኩም።

እኔም ሰብሳቢ ነበርኩ። ከሆሳዕና ተነስቼ፣ በየድንበሩ ስንከራተት ከርሜ ጆሃንስበርግ ስገባ ገና ጎረምሳ ነኝ። ሂልብሮው ውስጥ አንድ ክፍል ከአገሬ ልጆች ጋር ተጋርቼ፣ ቀን ቀን ብርድ ልብስና ቀበቶ ተሸክሜ በጥቁሮቹ ሰፈር በሶዌቶ ቤት ለቤት አዞር ነበር። አንዳንድ አሮጊቶች የሚከፍሉት ሲጎድላቸው ከአልጋ ሥር ቆርቆሮ ጎትተው አሮጌ ሳንቲም ይጨምሩልኛል። መጀመሪያ እንዳይከፋቸው ብዬ ነበር የምቀበላቸው፤ በኋላ ወደድኳቸው። በተለይ የፔኒ ሩብ የሆነችውን ፋርዲንግ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ጀርባዋ ላይ ቅርንጫፍ ላይ ያረፉ ሁለት ሚጢጢ ወፎች አሉ። ፊቷ ላይ ያለው የማላውቀው ንጉሥ መልክ ምኔ ነው? እንጃ። ሰው ምንም በሌለው ክፍል ውስጥ ሲኖር የራሱ የሆነ ነገር ያምረዋል መሰለኝ። የክፍሌ ልጆች ግን «ሽሮ የማይገዛ ሀብት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እሑድ እሑድ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ጨርቅ አንጥፌ ትርፎቹን እሸጥ ጀመር። ከጎኔ ማማ ኖምሳ የሚባሉ የሶዌቶ ሴት ማጉዊኛ ይጠብሱ ነበር፤ የኛ ቦምቦሊኖ ወንድም ማለት ነው። በመሃሉ አቻር የሚሉትን የማንጎ ዳጣ ያደርጉበታል። «ንዶዳና፣ ብላ እንጂ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ የሚበቃኝን ያህል ስበላ ያየኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

በአንዱ ዓመት የብርዱ ወራት ማለቂያ ላይ አንድ ነጭ ሽማግሌ ጨርቄ አጠገብ ቆመው ሳንቲሞቹን ሲያገላብጡ ቆዩ። እሳቸውም ቤታቸው የእንግሊዝ ሳንቲም እንዳላቸው፣ ልጃቸው ዘንድ ወደ ባሕር ዳርቻ ሊዛወሩ ስለሆነ ሊያስወግዱት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። በቀጠሩኝ ቀን ሄድኩ። ጃካራንዳ የተተከለበት ጸጥ ያለ መንገድ ነው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ሻይ በደረቅ ብስኩት አቀረቡልኝ፤ ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ። በዚህ አገር እንዲያ ያከበረኝ ነጭ አላጋጠመኝም ነበር። አንድ ብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም በርካሽ ሸጡልኝ።

«ከሥራ ዘመኔ የተጠራቀሙ ናቸው» አሉኝ። ምን ሥራ እንደነበር አልጠየቅኩም።

በቀጣዩ እሑድ ንፋሱ ከተማው ዳር ካሉት የወርቅ ማዕድን አፈር ክምሮች ላይ ቢጫ አቧራ እያነሳ ፊታችንን ይገርፈን ነበር። ገበያው ቀዝቅዟል። ማማ ኖምሳ የዘይት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡና ጨርቄን ጎንበስ ብለው አዩ። አንዲት ፔኒ አነሱ። ጫፏ በምስማር ተበስቷል፤ ከንጉሡ አንገት በታች ሁለት ጭረት አለባት።

«ይውሰዷት ማማ» አልኳቸው። «የተበሳች ስለሆነች ዋጋ የላትም።»

እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደው ከቀሚሳቸው ሥር አንድ ክር መዘዙ። ክሩ ላይ ፔኒ ተንጠልጥላለች፤ በዚያው ቦታ የተበሳች። የእሷ ጭረት አንድ ነው።

«አባታችን ነው የበሳቸው» አሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፣ አንድ። ሲፖ ሁለተኛ ነው፣ ሁለት።» ከዚያ አቧራው ላይ ቁጭ አሉ።

ሲፖ ታናሽ ወንድማቸው ነው። በቀድሞው የነጮች መንግሥት ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሳለ ፖሊሶች ከቤት ወሰዱት። ቤተሰቡ ሲጠይቅ «ለቀነዋል፣ ድንበር ተሻግሮ ሸፍቷል» ተባሉ። እናታቸው ይመጣል ብለው እስከሞቱ ድረስ በሩን ቆልፈው አላደሩም። ያውም ሌባ በማይጠፋበት በሶዌቶ!

ከኋላችን ዘይቱ ማረር ጀምሮ ነበር። ማናችንም አልተነሳንም።

«ከማን ገዛሃት?» አሉኝ።

የዚያኑ ቀን በታክሲ ሄድን። የስደተኛ ወረቀቴ ጊዜው አልፏል፤ ሰውየው ፖሊስ ቢጠሩ የምባረረው እኔ ነኝ። ግን ብቻቸውን ይሂዱ ማለት ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። ሽማግሌው በር ሲከፍቱ ከኋላቸው የታሰሩ ካርቶኖች ይታያሉ። አይተውኝ ፈገግ አሉ።

«ሳንቲሞቹ ተሸጡልህ?»

ማማ ኖምሳ ፔኒዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። «ይቺ የወንድሜ ናት» አሉ በዙሉ ቋንቋ። «የት ነው ያለው?»

ሽማግሌው በሩን ይዘጋሉ፣ ይጮሃሉ፣ አላውቅም ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። መነጽራቸውን አደረጉና ፔኒዋን አዩ። ከዚያ ጥርት ባለ ዙሉ፣ በለስላሳ ድምፅ መለሱ። እኔም በገበያ ዙሉዬ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

«ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዘሽ ወንዙን ትሻገሪያለሽ። የባሕር ዛፉ መስመር ሲያልቅ በግራ በኩል የፈረሰ የከብት በረት አለ። ከበረቱ ኋላ ነው። ሌሎችም አሉ።» ቀና ብሎ ሰማዩን አየና፣ «ዝናቡ ሳይጀምር ሂጂ፤ መንገዱ ያንሸራትታል» አላቸው።

እስከዚያች በር ድረስ አንቱ ብዬዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አፌ አልታዘዘኝም።

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። የጃካራንዳው ግንድ ላይ ተደግፌ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። ማማ ኖምሳ አላለቀሱም። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝና አፌን በሽርጣቸው ጠረጉልኝ።

«አየህ» አሉ፣ «ስሙን እንኳ አልጠየቀኝም።»

ጉዳዩን ለባለሥልጣን አሳወቁ፤ እኔም ፈርቼም ቢሆን ቃሌን ሰጠሁ። ወረቀቴን የጠየቀኝ አልነበረም። ቆፋሪዎች ተላኩ። በረቱ ሰውየው እንዳለው ነበር፤ ባሕር ዛፉም እንዳለው። የሲፖን አጥንት ከሌሎቹ እስኪለዩ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ በመጨረሻ ሶዌቶ፣ ከእናቱ ጎን ተቀበረ። ሰውየው ፍርድ ቤት ሳይቆም ባሕር ዳርቻው ላይ ሞተ። ቆርቆሮውን እንዳለ ለመርማሪዎቹ አስረከብኩ። የቀሩት ሳንቲሞች ከማን ኪስ፣ ከማን አንገት እንደመጡ ማን ያውቃል? የራሴን ባለ ወፍ ፋርዲንጎችም ሰጥቼ ተገላገልኩ።

ማማ ኖምሳ ዛሬ አርጅተዋል። ልጆቼ ጎጎ፣ አያታችን፣ ይሏቸዋል፤ እኛ ዘንድ ሲመጡ ስለዚያ ቀን አናነሳም። እኔ ግን ብቻዬን ስሆን አነሳዋለሁ። ሰውየው ቢዋሽ ኖሮ ጠልቼው ነገሩ ባለቀልኝ ነበር። የገደለ ሰው ይቃዣል፣ ይረሳል፣ ወይም ለመርሳት ይጠጣል ብዬ ነበር የማምነው። ያ ሰው ግን ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ እንኳ ሊያስታውስ አልተቸገረም። መታጠፊያውን ሳያመነታ ነገረን፤ ሰው የቤቱን መንገድ እንደሚያውቀው ያውቀው ነበር። ይኸው ጸጉሬ ሸብቶ፣ ነገሩ ዛሬም ገና አሁን እንደሰማሁት ያስደነግጠኛል።